ሳይሄዱ ስለተጻፉት ሠላሳ አንድ የጉዞ ሪፖርቶች

ለተከበሩ የኮሌጁ ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ በር አጠገብ በሰሌዳው ላይ ለተለጠፈው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ለሚለው ወረቀት ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። ወረቀቱን ለአምስት ተከታታይ ቀናት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስላየሁት እንደ ዘመድ ሆኖብኛል፤ በግራ ጥጉ በኩል ለቆ ይንጠለጠል ስለነበርም በሦስተኛው ቀን አዝኜለት ከቀሚሴ ደረት ላይ አንድ ስፒል ነቅዬ አቃንቼዋለሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ይህን ላያውቁ ይችላሉ።

እኔ ከኮሌጁ የኋላ በር ፊት ለፊት በምትገኝ አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ የምሰፋ፣ ባለቤቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት የሆነኝ፣ የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ የማውቀው ልጄን ለማድረስ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍና ጨርቅ ተጠቅልሎበት በሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር። ጎረቤቶቼ ዝምተኛ ይሉኛል። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚባለውን አስታውሰው እንዳይሰጉ፤ እስከ ዛሬ ያጠፋሁት አገር የለም። ያጠፋሁት ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም በተራው እናገራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ክፍት ያደረግሁት በድፍረት አይደለም። ከዚህ ቀደም ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች ለእንግዳ ተቀባይዋ አስረክቤ ነበር። መልስ አለ ወይ ብዬ በአሥረኛው ቀን ስጠይቃት፣ በታላቅ አክብሮት «እማማ፣ የታሸገ ደብዳቤ የሚከፍተው ሰው ፈቃድ ላይ ነው» አለችኝ። በኮሌጁ ሠራተኞች ላይ ድካም ላለመጨመር ብዬ ይኸው ራሴ ከፍቼ አመጣሁት።

ልጄ በኮሌጅዎ የመምህርነት ተማሪ ስትሆን የቀራት አንድ ኮርስ ብቻ ነው። እሱም በማስታወቂያ ወረቀታችሁ ላይ «ዓለም የመማሪያ ክፍላችን ናት» ተብሎ የተወደሰው የአጭር ጊዜ የጥናት ጉዞ ነው፤ ሁለት ሳምንት በክፍል ውስጥ ስለ ውሃና በውሃ ዳር ስለሚኖሩ ሰዎች ይማራሉ፣ ከዚያ ስምንት ቀን ወደ ሐይቁ ተጉዘው የተማሩትን ያያሉ። በማስታወቂያው ላይ የኮርሱ መምህር ሰፊ ባርኔጣ አድርገው በጣታቸው ከፎቶው ውጭ ያለ አንድ ነገር ያመለክታሉ። ያንን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ለነገሩ ደስታዬ እውነተኛ ነበር። ሐይቅ በአሥራ አንድ መጻሕፍት ውስጥ አንብቤአለሁ፤ በዓይኔ ግን አንድም አይቼ አላውቅም ነበር። ወጣቶችን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ከገጽ ወደ ነገሩ የሚያደርስ ትምህርት ቤት መኖሩን ስሰማ፣ እኔ ብቻዬን መብራት ሥር ስዳክርበት የኖርኩትን ነገር ሰው አስቦበታል ብዬ ተመስገን አልኩ። ለልጄም ሁለት የውስጥ ኪስ ያለው ቦርሳ ሰፋሁላት።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ። ቁጥር ያለበትን ደብዳቤ ቢሮዎች የተሻለ ያዩታል ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የጉዞ ሪፖርት ማስረከቢያ የመጨረሻ ቀን፣ ዓርብ። የጉዞው መነሻ፣ ሰኞ» የሚል ተለጥፎ አነበብኩ። ማንበብ ለራሴ ያስተማርኩ ሰው በመሆኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ሁለተኛ አነበብኩት። ከዚያም በሩ ላይ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውን ሰውዬ ጠየቅሁት። እሱም ወረቀት እያስተካከለ «ልክ ነሽ፣ አልተሳሳትሽም። ውጤት ሬጅስትራር የሚገባው ቅዳሜ ነው፤ ጉዞው ከቅዳሜ በኋላ ነው፤ ታዲያ ሪፖርቱ ቀድሞ ካልገባ ምኑ ይታረማል?» ብሎ አስረዳኝ። ያልተወለደ ልጅ ስም ሲወጣለት አይቻለሁ፤ ያልተወለደ ልጅ ዳዴ ማለቱን፣ ጥርስ ማብቀሉንና የመጀመሪያ ቃሉ ምን እንደነበር የሚገልጽ ሪፖርት ግን በኮሌጅዎ አየሁ። በተለይ ከቅጹ ንዑስ ርዕሶች አንዱ «በጉዞው ያልጠበቅሁት ነገር» የሚል ነው። ተማሪዎቻችሁ ያልጠበቁትን ነገር ከሦስት ቀን በፊት አውቀው በሥርዓት እንዲጽፉ ማስቻል ቀላል የማስተማር ጥበብ አይደለምና ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሁለተኛ፤ ከሠላሳ ሁለቱ ተማሪዎች ሠላሳ አንዱ ያልጠበቁትን በሰዓቱ ጽፈው አስረከቡ። አልፈርድባቸውም፤ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሰውዬ እንደነገረኝ መጀመሪያ አንድ ሪፖርት ተጻፈ፣ ከዚያ እየተዟዟረ ስም ብቻ ተቀየረበት። «ሐይቁ ላይ የወጣችው ፀሐይ ሠላሳ አንድ ጊዜ ወጥታለች» አለኝ፤ «ያወጣኋትም እኔ ነኝ፤ ማሽኑ ግሎ እጄን ሊያቃጥለኝ ነበር።» ልጄ ደግሞ ስድስት ገጽ አስገባች። ሦስቱ በክፍል የተማረችው ነው። ሦስቱ እዚያ ስትደርስ ሰዎቹን የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። «ያልጠበቅሁት ነገር» ከሚለው ሥር «ስመለስ እሞላዋለሁ» ብላ ቦታውን ባዶ ተወችው።

ዜሮ ተሰጣት። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ በር ላይ የተሳፋሪዎች ስም ሲነበብ የእሷ አልነበረም፤ ሪፖርት ያላሟላ አይሳፈርም ተባለ። ባለ ባርኔጣው መምህርም ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ ሐቀኝነትሽን በጣም አደንቃለሁ፤ ግን ቅጽ ቅጽ ነው» አሏት። አድናቆታቸውን ይዛ ከነቦርሳዋ ቤት ተመለሰች። እኔ ያኔ የአንድ ሰው ኮሌታ እየገለበጥኩ ነበር። ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ሦስተኛ፤ ጉዞው። ስምንት ቀን የተባለው ጉዞ መምህሩ አስቸኳይ ስብሰባ ስለነበረባቸው በሦስት ቀን ተጠናቀቀ። አንዱ ቀን መሄጃ፣ አንዱ ቀን መመለሻ ሲሆን፣ በመካከለኛው ቀን አውቶቡሱ ከሐይቁ በላይ ካለ ዳገት ላይ ቆሞ ፎቶ ተነስተዋል። የዓሣ ገበያው ጋ አልደረሱም። ሠላሳ አንዱም ሪፖርቶች ግን የገበያውን ጫጫታ፣ የነጋዴዎቹን ፈገግታና ጀልባዎቹ ሲጠጉ ልባቸው እንዴት እንደተነካ ያወራሉ። እነዚህ ሪፖርቶች ዛሬ ለመጪዎቹ ተማሪዎች አርአያ እንዲሆኑ ተጠርዘው በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ገብቼ አነበብኳቸው። ሠላሳ አንዱን በአንድ ጠዋት ጨረስኩ፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧልና። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የተጠረዘ ነገር ደግሞ ከአፋፉም ወዲያ ነው፤ ማንም አይመልሰውም።

አራተኛ፤ ይህን ሁሉ ላስረዳዎ ፈልጌ ነው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ቀን የተቀመጥኩት። በአምስተኛው ቀን የጉዞ ኮርሶች አስተባባሪዋ አዩኝ። ስለ እኚህ ሴት ክፉ መናገር አልፈልግም። ቢሯቸው አስገብተው የራሳቸውን ወንበር ለቀውልኝ ቆመው ነው ያነጋገሩኝ። «እናታችን፣ ልጅዎን እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉኝ፤ «እርስዎም በዚህ ዕድሜዎ መመላለስ የለብዎትም። ይቺን ብቻ ይፈርሙልኝ፣ ነገ ስሟ ከተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል።» ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ኖሯል። ልጄ ከተማሪዎቹ ጋር ስምንቱንም ቀን ተጉዛ በሰላም መመለሷን በዓይኔ አይቻለሁ ይላል፤ ከሥሩ ነጠብጣብ፣ ከነጠብጣቡ ሥር «የወላጅ ፊርማ»። ሪፖርቱን በተመለከተ እንዳላስብ ነገሩኝ፤ ከሠላሳ አንዱ የአንዱ ቅጂ በስሟ ይያያዛል። ብዕርም ሰጡኝ። ቤቴ ወስጄ ላንብበው ስላቸው ግራ ገባቸውና «ይሁን፣ ልጅቷ ታነብልዎታለች» አሉ።

ክቡር ዲን፣ ዘጠኝ ቃላት ናቸው ወይ አሥር፣ አልቆጠርኩም፤ እኔ ከመካከላቸው የማየው ሁለቱን ብቻ ነው። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውን።

አምስተኛው ቁጥር የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። ቅሬታ አቅራቢ የራሱን ቅሬታ በራሱ ላይ ማቅረቡ የተለመደ ባይሆንም፣ ቢሮዎ ያልተለመደ አሠራር ስለማይከብደው በዚሁ ይመዝገብልኝ።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ የተረፈ ክር እቆርጥ ነበር። ከጎኔ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ የሚቆርጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እትዬ መቀስ እንላቸዋለን። መቀሳቸው ሲሄድ እሳቸው ወሬ አያቋርጡም፤ ወሬውም መቀሱም አይዛነፉም። ዛሬ እንጀራ የምበላበትን ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በምሳ ሰዓት ቁርጥራጭ ጨርቅ እያመጡ እጅጌ እንዴት እንደሚገጠም ያሳዩኝ ነበር። አንድ ቀን የፈረቃው አለቃ ወረቀትና የቀለም ሳጥን ይዞ መጣና «እዚህ ጋ ጣትሽን» አለኝ። ምንድን ነው አልኩት። «ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ የምትፈርሙት ነው» አለ። ማንበብ አልችልም ለማለት አፈርኩ። ጣቴን አስቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን እትዬ መቀስ ከሥራ ተባረው፣ ሽርጣቸውን አጣጥፈው፣ በእኔ በኩል አልፈው ሲወጡ ቆም አሉና «ጥቅል ገበር ስወስድ አየሽኝ እንዴ የኔ ልጅ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የጠየቁኝ፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም። ይህን ማለት ግን አቃተኝ። ሰው ዝምተኛ የሚለኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ፊደል ከለየሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ የመዝገብ ቤቱ ወረቀት ግቢው ውስጥ ተከምሮ ነበር። ጠባቂውን ለምኜ ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ሦስት መስመር ነው፤ እትዬ መቀስ ጥቅል ገበር ሰርቀዋል የሚል። የመጨረሻው መስመር «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል፤ አጠገቡ የእኔ አውራ ጣት ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል። ከሰነድ ላይ ሳልደናቀፍ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። እትዬ መቀስን ፍለጋ ሄድኩ፤ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል። ከሄዱ ቆይተዋል፣ ወዴት እንደሆነ አናውቅም አሉኝ።

ስለዚህ ልጄን በአንድ ሕግ ብቻ አሳደግኋት፤ ያላየሽውን አየሁ አትበይ። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም። ክቡርነትዎ የሰጧት ዜሮ እንግዲህ ግማሹ ከእኔ ቤት የወጣ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ብቻ ይውሰዱልኝ።

አስተባባሪዋ የሰጡኝ ወረቀት የስፌት መኪናዬ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ሰው መቼም ከዚህ ላይ ልጅቷ ጀግና ሆና አትፈርሚ ብላ የምትለምነኝ ይመስለው ይሆናል። አልለመነችኝም። «ፈርሚልኝ እማዬ» ነው ያለችኝ። «ሁሉም ያደረጉት ነው። አንድ መስመር ናት። ርዕሰ መምህርቷ ቦታውን የያዙልኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ዲግሪ ካልያዝኩ ለሌላ ይሰጡታል። አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ልል ነው?» ልክ ናት። ከመንገዱ ታች ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን ልታስተምር ተነጋግራ ጨርሳለች፤ የክፍሉን መስኮቶች ቁጥር ሳይቀር ነግራኛለች። ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ ይህንም አልደብቅዎትም። ከዚያ አስቀምጬው የእትዬ መቀስን ነገር ነገርኳት። በሕይወቴ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሰምታም «ታዲያ አንቺ ለበደልሽው እኔ ነኝ የምቀጣው?» አለችኝ።

  ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ የተማሩ ሰዎች መልሱን የሚያውቁ ከሆነ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሳይነጋገር መዋል ብዙ ሥራ አለው፤ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጫማዋን ስታስር አየኋትና ወዴት ነው አልኩ። «ሐይቁ የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው ያለው» አለች። «ትመጫለሽ ወይስ ትሰፊያለሽ?»

ሄድን። ቀኑን ሙሉ በሕዝብ አውቶቡስ ነው የተጓዝነው፤ ጉልበቴን የፊት ወንበሩ ጀርባ ላይ አጣብቄ። ስለ ሐይቁ ከአሥራ አንዱ መጻሕፍት አንዱም እንደሚሸት አልጻፈልኝም ነበር። ይሸታል። ገና ሳያዩት ነው የሚሸተው።

የዓሣ ገበያው፣ ያ ሠላሳ አንድ ጊዜ ልብ የነካው፣ እዚያ ቦታ የለም፤ ውሃው ስለሸሸ ከአራት ዓመት በፊት ተነስቷል። በእርስዎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈገግ የሚሉት ነጋዴዎች የነበሩበት ዳስ ጣሪያው ወልቆ ፍየሎች ተኝተውበታል። ሴቶቹ አሁን በእግር አንድ ሰዓት ርቆ ከሚገኝ ዛፍ ሥር ገንዳ ደርድረው ይሸጣሉ። አንዲት መረብ የሚጠግኑ ሴት አገኘንና፣ ከኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች ባለፈው አይተው እንደሆነ ጠየቅናቸው። «አዎ፣ ከላይ ከመንገዱ ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልን» አሉ። «እኛም አውለበለብን። ምን ፈልገው እንደሆነ ግን አልነገሩንም።» ልጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ እነዚያን ሦስት ገጽ ጥያቄዎች አወጣች። ሴትየዋ እየሳቁ መለሱላት። «ይህን ያህል የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ የለም፤ ባሌ እንኳ ሲያገባኝ ስሜን ብቻ ነው የጠየቀኝ» አሏት። ማታ ወደ እህታቸው ቤት ወስደው አሳደሩን፤ አራት ቀን ቆየን። እኔም በሁለተኛው ቀን መርፌዬን አውጥቼ የመረብ ቋጠሮ ተማርኩ፤ ቋጠሮው ከምናውቀው ሁሉ የተለየ ነው፣ ሲሳብ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

ሴቶቹ ውሃው የደረሰበትን ቦታ በየዓመቱ ዝናብ ሊጀምር ሲል እንጨት ተክለው ጨርቅ ያስሩበታል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ለማንም አያቀርቡትም። ለምን እንደሚያደርጉት ልጄ ስትጠይቃቸው «ኋላ ሽማግሌዎቹ ድሮም እዚሁ ነበር ብለው እንዳይከራከሩን» አሏት። አሥራ ሰባት እንጨት ቆሟል። ልጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ በእግሯ ለካችው፤ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ። ቅጹ ላይ ባዶ የተወችውን ቦታ የሞላችው በዚህ ነው፤ ቦታው ስላልበቃት ከጀርባውም ጽፋለች።

ስድስተኛና የመጨረሻው እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። የልጄን ሃያ ሁለት ገጽ ሪፖርት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ቀኑ ያለፈበት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከማየቷ በፊት ለመጻፍ ባለመቻሏ ስለዘገየች ይቅርታ እንድታደርጉላት እጠይቃለሁ። የምለምነው እንዲያሳልፏት አይደለም፤ እንዲያነቡት ነው። እርስዎ ጊዜ ከሌለዎት ከአውቶቡሱ ወርዶ የሚያውቅ አንድ መምህር ፈልገው ያስነብቡት። አንብቦ ዜሮ ይገባታል ካለ፣ ዜሮዋን እንቀበላለን። ላላነበቡት ነገር የተሰጠ ውጤት ግን፣ በመከባበር ልበልና፣ ላላዩት ሐይቅ ከተጻፈ ሪፖርት በምን እንደሚለይ አልገባኝም።

የተመራቂዎች ዝርዝር ሐሙስ ይዘጋል። አስተባባሪዋ የሰጡኝን ወረቀት ሳልፈርምበት መልሻለሁ፤ ነጠብጣቡ እንደነበረ ነው። በጎ አስበው እንደሰጡኝ አውቃለሁና ቅር እንዳይላቸው ይንገሩልኝ። ይህ ደብዳቤ ሥራውን ካልሠራ ልጄ ዓመቷን ታጣለች፣ ሦስተኛ ክፍልንም ሌላ ሰው ያስተምራቸዋል፤ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ያልፈረመውም እጅ የእኔው ነው። ትናንት ማታ ደብዳቤውን እንድታነበው ሰጠኋት። ሁለት ቃል አረመችልኝ። ከዚያ መለሰችልኝና «ላኪው፤ ግን ሐሙስ ካለፈ እኔ አንቺን ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈልገኛል» አለች። የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ አልኳት።

ውድ ጊዜዎን ከስብሰባው ላይ ቆርሰው ይህን ያህል ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም እንዳነበቡት ቆጥሬ፣ እንዲሁም ወጣቶቻችንን ሳይሄዱ መድረስን፣ ሳይደርሱ መደነቅን፣ ሳይመለሱም ውጤት መቀበልን ስላስተማሩልን ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ኮሌጁ በአሠራሩ እንዲገፋበት ሳይሆን ከአሠራሩ እንዲያርፍ እየተመኘሁ፣

የእርስዎው አክባሪ፣
ከኋላ በር ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ፣ የሠላሳ ሁለተኛዋ ተማሪ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለምረቃው ቀን የሚለብሱት ጋዎን ወገቡ ስለጠበበዎት ሰፋ እንዲደረግልዎ ሾፌርዎ ባለፈው ሳምንት አምጥቶልኛል። እስካሁን አልነካሁትም። ሆኖም የኮሌጁን አሠራር ስለተማርኩ «ጋዎኑ በልኬ ተስተካክሎ በምረቃው ዕለት ለብሼዋለሁ፤ ሲያምርብኝም በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ወረቀት አዘጋጅቼ በሾፌርዎ እጅ ልኬልዎታለሁ። እስከ ዓርብ ፈርመው ቢመልሱልኝ ሥራዬን እንደጨረስኩ እቆጥረዋለሁ።